አማቴን በኤሌክትሪክ ሳይክል ለአደን የወሰድኩበት ቅዳሜ

አንድ የማይለቀኝ አመል አለብኝ፤ ስደነግጥ «በስመ አብ!» እላለሁ። ሙስሊም ነኝ። አባቴም አያቴም ሙስሊም ናቸው፤ በዘራችን ከኔ አፍ በቀር የሚታማ ነገር የለም። አመሉን ያወረሱኝ አዲስ አበባ ያደግኩበት ግቢ አከራያችን ናቸው። ብርጭቆ በወደቀ፣ በር በተንኳኳ፣ ድመት በዘለለች ቁጥር «በስመ አብ» የሚሉ ደግ ሴት ነበሩ፤ እኔም አፌን የፈታሁት እሳቸው ጉያ ውስጥ ነው። እናቴ ልታስተወኝ ያልሞከረችው ነገር የለም። ገረፈችኝ፣ ቆነጠጠችኝ፣ አንድ ቀንማ በርበሬ አጠነችኝ። ችግሩ ስትቆነጥጠኝም የምጮኸው «በስመ አብ!» እያልኩ መሆኑ ነው።

ይህ አመል ብዙ ቦታ አሳፍሮኛል፤ የከፋው ግን ወሎ ላይ ነው። ሽማግሌዎች የሚስቴን ነገር ከጨረሱ በኋላ አማቴን፣ የሚስቴን አባት፣ እጅ ልነሳ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አዲስ ኮት ለብሼ፣ ግቢው መሃል ለሰላምታ ጎንበስ ስል የቤቱ አውራ በግ ከኋላዬ ተንደርድሮ መጥቶ መታኝ። «በስመ አብ!» አልኩ፣ በአፍጢሜ እየተደፋሁ።  አማቴ አንዴ በጉን አንዴ እኔን አዩና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ልጄን ለማን ነው የሰጠኋት?» አሉ። 

የክርስትና ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ወሎ ነው፤ የአማቴ የገዛ አክስት ክርስቲያን ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። ሥጋ ሲሆን ብቻ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበላል። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ እስላሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሥጋው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ካራጁ አፍ በወጣው ቃል ነው። አማቴን ያሳሰባቸው መልኬ አንድ ነገር ሲል አፌ ሌላ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ያምኑታል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነህ?» ብለው፣ መልሴን ሳልጨርስ «በል ልጄን አቅርብልኝ» ሲሉኝ ኖሩ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ወር ሊጠይቁን አሜሪካ፣ ወደምንኖርበት ኮሎምበስ መጡ። በመጡ በሦስተኛው ሳምንት ኮሮና ዓለሙን ዘጋው። የመመለሻ በረራቸው ቀረና አማቴ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለችው ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ታማሚ ስለሆነ ከፖስታ ሳጥኑ አልፈው አይሄዱም። ሥጋ ደግሞ አይበሉም።

የሥጋውን ነገር መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ወስጄ ሐላል ሥጋ ቤት አስገባኋቸው። ባለ ሱቁን፣ የሌላ አገር ሰው ነው፣ በኔ አስተርጓሚነት መረመሩት።

«ማን አረደው?»

«ካምፓኒው» አለ።

«ካምፓኒ የማን ልጅ ነው?»

ሰውየው ሣጥኑ ላይ ያለውን ማኅተም አሳያቸው። አማቴ ማኅተሙን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ማኅተም ይሰግዳል እንዴ?» አሉኝ። ይህን አልተረጎምኩም። ያው አወጣኋቸው። በግ ገበሬ ዘንድ ሄደን በእጃቸው እንዳያርዱ ገበሬው በበሽታው ምክንያት ሰው ግቢ አላስገባም አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ወር ሆነ። ሽሮና ምስር አይጠሉም፤ ግን ሰውየው መንምነው ቀበቶአቸው ላይ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በሳንላቸው። ሚስቴ ማታ ማታ ሳህኑን ታነሳና ምን ያህል እንደተረፈ ታሳየኛለች። እኔ የተረፈውን በላሁና እኔ ወፈርኩ።

አንድ ቀን እራት ላይ «ሥጋ የሚበላው አራጁ ሲታወቅ ነው፤ ወይ በዓይን አይተህ፣ ወይ የምታምነው ሰው አይቶልህ» አሉ። የምታምነው ሰው ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ያለነውን ሁሉ አዩና እኔን ዘለሉኝ። ደሜ ፈላ።

«እኔው በእጄ አምጥቼ አበላዎታለሁ!» አልኩ።

«አንተ?» አሉ። 

አደን ያልኩት በባዶ ሜዳ አይደለም። ከከተማው ዳር ሂሊያርድ የምሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ውስጥ ሱፐርቫይዘሬ፣ ፈረንጅ ነው፣ ቅጠል መርገፍ ከጀመረ ስለ አጋዘን እንጂ ስለ ሌላ አያወራም። ለአደን የሚሄደው ጎማው እንደ ትራስ በወፈረ ኤሌክትሪክ ሳይክል ነው። በመኪና ብትገባ አጋዘኑ ይሰማሃል፣ በእግርህ ብትገባ ጉልበትህ ያልቃል፣ ገድለህ ተሸክመህ ልውጣ ብትል ደግሞ አንተው ትሞታለህ ይላል። ሳይክሉ ግን ድምፅ ሳያሰማ ጫካው ሆድ ድረስ ያስገባል፣ ሥጋውንም ጭኖ ያወጣል። አባቱም በመጨረሻ ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ የሚያድኑበት ባለ ሦስት ጎማ ኤሌክትሪክ ሳይክል ነበራቸው። ጋራዡ ውስጥ ከነቅርጫቱ ቆሟል። «ዘንድሮ የሚነዳው የለም» አለኝ፤ ሽማግሌው ያረፉት በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ነው።

ስለ አማቴ ጉልበት ነገርኩት። ሁለቱንም ሳይክል ከመኪና ኋላ ከሚታሠረው ተጎታች ጋር አዋሰኝ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት የቤተሰቡ ጫካ እንድገባም የፈቃድ ወረቀት ጽፎ ፈረመልኝ። የአደን ትምህርቱን ኦንላይን ተማርኩ። ልጄ ላፕቶፑን ከፍታልኝ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስታይ «ዳድ፣ ሲሪየስሊ? የምርህን ነው?» አለች። ጠመንጃ የሚፈቀድበት ሳምንት ገና ስለነበር እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ የሚደገፍ ቀስት ነው የተሰጠኝ፤ ሱፐርቫይዘሬ ጓሮ የገለባ ጆንያ ላይ እየተኮስኩ ወር ሙሉ ተለማመድኩ። ጆንያውን ስመታ ሁልጊዜ ቢስሚላህ እላለሁ። ጆንያ አያስደነግጥም።

ባለ ሦስት ጎማውን ቤት ሳመጣ ሚስቴ በር ላይ ቆማ «ባጃጅ ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለች። አማቴ ግን በዝግታ ወጡ። በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ዞሩት፣ ጎማውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ኮርቻውን ዳሰሱ።

«ምን ይበላል?» አሉኝ።

«ኤሌክትሪክ።»

«ደክሞት ይተኛል?»

«ብርድ ሲሆን ቶሎ ይደክማል አሉ።»

ወጥተው ተቀመጡበት። መጀመሪያ እስከ ፖስታ ሳጥኑ፣ ከዚያ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ ዞረው ከዓይናችን ተሰወሩ። ሚስቴ ልትጮህ ስትል በሌላኛው በኩል ብቅ አሉ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ በረንዳቸው ላይ ወጥተው እልል አሉ። አማቴ ፈገግ አላሉም፤ ግን አንድ ዙር ጨመሩ።

ቀኑ ከፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ፣ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ሆነ። ሱፐርቫይዘሬ ራሱ አማቶቹ ዘንድ ስለሚሄድ አብሮን አይመጣም፤ በሦስት ነገር አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ አጋዘን የሚያውቅህ በጠረንህ ነው፣ ስለዚህ ምንም ዓይነት ሽታ እንዳይኖርህ። ሁለተኛ፣ ከመታኸው በኋላ አትሩጥ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠህ ጠብቅ፣ ካባረርከው ደንብሮ ይጠፋሃል። ሦስተኛ፣ ግራጫዋ ቦርሳ ውስጥ ትርፍ ባትሪ አለ፤ ከሳይክሉ እንዳትለያት።

ሽታ የሌለው ሳሙና ገዝቼ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ልብሴን በፕላስቲክ አሥሬ ውጭ አሳደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ አማቴ እንደ ጁምዓ ቀን ሽቶ ተቀብተው በሩ ላይ ቆመዋል። «ሰው ሳይቀባ ከቤት ይወጣል?» አሉኝ። ሚስቴ በበኩሏ ስንቅ ጭናለች። ከቤታችን ማንም ሰው ሳይሰነቅ ወጥቶ አያውቅም፤ ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ ቆሎ ይያዛል። ቀይ ምስር ወጥ አለ፣ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ሁለት ፔርሙዝ ሻይ፣ የውዱእ ውኃ በጀሪካን፣ መስገጃ፣ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ዣንጥላ።

«ጦርነት ነው እንዴ የምንሄደው?» አልኳት።

«አባቴ ናቸው» አለች፣ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ከጫካው በር ላይ መኪናውን አቁመን ሳይክሎቹን አወረድን። የድሮ እንጨት ጫኝ መኪኖች የቀደዱት አቀበት መንገድ ነው፤ አሁን ሣር ውጦታል። ቅርጫቱ ስንቁን ተሸክሞ ያቃስታል፤ አማቴ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው፣ በበቅሎ ገበያ የሚሄድ ባላባት መስለው ይነዳሉ። ድምፅ የለም። ከጎማው ሥር ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። ድንገት ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። በወጣትነታቸው ድኩላ ያድኑ እንደነበር፣ አንድ ጊዜ የተመታ ድኩላ ተከትለው ሁለት ወንዝ እንደተሻገሩ፣ ደም የነካውን ቅጠል አይተው እንስሳው የት እንደተመታ እንደሚለዩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን ያህል ቃል ሲያወጡ አልሰማሁም። ወደ ኋላ እያየሁ ሳዳምጥ ሁለት ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ።

ሱፐርቫይዘሬ በካርታ ያሳየኝ ቦታ ደረስን። እኔ የወደቀ ግንድ ተደግፌ ቀስቴን አመቻቸሁ፤ አማቴን ከበስተኋላዬ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ፣ ሳይክላቸው ላይ እንዳሉ፣ ዛፍ አስጠለልኳቸው። ከቅርጫታቸው ምስር ወጡ ይሸታል። ከራሳቸው ሽቶው ይሸታል። ከዚያ ቆሎ መቆርጠም ጀመሩ፤ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ዛሬ እንኳን አጋዘን አይጥም አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ፣ ለወጉ ያህል «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር፤ ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» እያልኩ አፌን አሟሟቃለሁ። የታዳኝ ሥጋ ሐላል የሚሆነው ቀስቱ ሲለቀቅ ይህ ሲባልበት ነው። ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ቀስቱ ሳይሆን ይኸው ቃል ነው።

ቆሎው ጸጥ ሲል ገባኝ፤ አማቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ወዲያው አንድ ቀንዳም አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ወጣ። አነጣጠርኩ። ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ከንፈሬ ላይ ቢስሚላህ ደርሳለች፣ ጣቴ ምላጩ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ልክ እንደ ገለባው ጆንያ ነው። በዚች ቅጽበት፣ ለካ አንዲት ሴት አጋዘን በጎኔ ተጠግታኝ ኖሯል፣ ጆሮዬ ሥር እንደ ጎማ «ፍሽሽ!» ብላ አስነጠሰች።

«በስመ አብ!» አልኩና ለቀቅኩት።

ፍላጻው ከአጋዘኑ ትከሻ ኋላ በትክክል ገባ። ዘለለና ቁልቁል ወደ ጫካው ተሰወረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔ ቃል አፋፉን አልፋ ከአጋዘኑ ጋር ገደል ስትገባ በዓይኔ ያየኋት መሰለኝ።

አማቴ ባነኑ። «መታኸው?»

«መታሁት።»

«ወንድ!» አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው፤ ያልኩትን ግን አልሰሙም። አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለኝ። አጋዘኑ ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስንበት አማቴ ቢስሚላህ ብለው በእጃቸው ያርዱታል፤ የኔ ቃል ታሪክ ይሆናል፣ ማንም አያውቅም።

«እንሂድ፣ አባባ! ቶሎ እንሂድ!»

«ምን ያስቸኩልሃል? ቢስሚላህ ብለህ ከለቀቅከው ሞቶም ብታገኘው ሐላል ነው። ደግሞ ፈረንጁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ አላለም? እኛም ድሮ እንደዚያው ነው። ሻይ ቅዳልኝ።»

ሻይ ቀዳሁላቸው። ከመቸኮሌ ግማሹን መሬት አጠጣሁት። እሳቸው እየነፉ፣ ፉት እያሉ፣ ስለዚያ ሁለት ወንዝ ስላሻገራቸው ድኩላ ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩልኝ። እኔ ወንዙም ድኩላውም አይሰማኝም፤ ሰዓቴን አያለሁ። ለካ ሰው ሐቁን ከደበቀ ሻይ መጠጣት እንኳ ይከብደዋል።

በመጨረሻ ተነሡ፤ ሳይክላቸው ግን አልተነሣም። ብርዱ፣ አቀበቱና የሚስቴ ስንቅ ተባብረው ባትሪውን ጨርሰውታል። «ትርፍ አለን!» ብዬ ግራጫዋን ቦርሳ በደስታ ከፈትኳት።

ውስጧ ድፎ ዳቦ አለ።

ሙሉ ድፎ፣ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ገና ለብ ያለ። ሚስቴ ጋ ስደውል ነገሩ ግልጽ ሆነ። «ያቺ ጥቁሯ ሣጥን? ከባድ ናት ብዬ ጋራዥ አስቀመጥኳት፤ ለዳቦው ልክ ሆነልኝ» አለች። ከዚያ «አባዬ በሉ?» ብላ ጠየቀች።

አማቴ ዳቦውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሰክተህ ሞክረው እስቲ» አሉ።

«እርስዎ እዚህ ይቆዩ፣ እኔ ቀድሜ ልየው።»

«እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ ዛፍ ልታስቆጥረኝ ነው?» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ገመዱትና አንዱን ጫፍ ከኔ ሳይክል ኋላ፣ ሌላውን ከሳቸው መሪ ላይ አሠሩት። ለዚህ ቋጠሮ ጣታቸው ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው አይመስልም። ጀሪካኑን እንድደፋ ብለምናቸው «የውዱእ ውኃ ይደፋል?» አሉኝ። የኔ ሳይክል ሁለት ሰው፣ አንድ ድፎ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ትራስ እየጎተተ በኤሊ እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ አቀና።

ደሙ መንገዱን ተከትሎ ይንጠባጠባል። አማቴ በየጠብታው «ቁም!» ይሉኛል። ይወርዳሉ፣ ያያሉ፣ «ሳንባ ነው፤ አረፋ አለው፣ አየህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ላብ በላብ ሆኜ ያ ምስኪን እንስሳ ጥቂት እንዲቆይልኝ ዱዓ አደርጋለሁ። መትቼው ስለ ዕድሜው መለመኔ ያሳፍራል፤ ግን ያን ሰዓት ከአፌ የጠፋውን ነገር የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከአንድ ትልቅ ሾላ መሳይ ዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘነው። አማቴ ቢላዋቸውን መዘው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው በእግራቸው ሄዱ፤ ማንም አልደገፋቸውም። ጎንበስ ብለው ዓይኑን በጣታቸው ነኩ።

«ወጥታለች» አሉ። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሱና ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በርቷል። «ምን ቸገረን። ዛሬ ጉበቱን ቆንጆ አድርጋ ትጥበስልኝ፤ ሚጥሚጣ በዛ ይበልበት። ርቦኛል።»

ዘጠኝ ወር የጠበቅናት ቃል ይቺ ናት። ሚስቴ ብትሰማት ታለቅስ ነበር። ዝም ብል ማታ ይበላሉ፤ እኔም በወሎ በኩል ሰው እሆናለሁ። የሰማኝ ያቺ ያስነጠሰችው አጋዘንና አላህ ብቻ ናቸው፤ አጋዘኗ አማርኛ አታውቅም። አላህ ግን ያውቃል። ደግሞ ይህ ሽማግሌ ዘጠኝ ወር የራበው ለዚህች ለአንዲት ነገር ነው፤ ማን እንዳረደውና ምን እንዳለ ሳያውቅ ላለመብላት።

«አባባ» አልኩ በቀስታ። «በስመ አብ ነው ያልኩት።»

«ምን?» አሉ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«ስተኩስ በስመ አብ ነው ያልኩት።»

«አልሰማሁህም።»

«በስመ አብ! በስመ አብ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ያለው ኮረብታ አንድ ጊዜ ደገመልኝ።

አማቴ አጠገባቸው ያለው ግንድ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽማግሌ አስለቀስኩ ብዬ ምድር ብትውጠኝ ወደድኩ። ጠጋ ስል ግን ድምፅ ሰማሁ፤ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው እንደ ሳል ጀመረ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪፈስ፣ «በጉ! ያ በግ!» እያሉ፣ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ያዘኝ።

ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይረሳልኮ» አሉ። «የረሳ ሰው ይቅርታ አለው፤ ሸሁንም ብትጠይቅ እንደዚያ ነው የሚልህ። አንተ ግን አልረሳህም፤ ሌላ ነው ያልከው።»

«አዎ።»

«ዝም ብትል እኮ አልሰማሁህም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

 ከዚያ እጅጌአቸውን ሰበሰቡና ቢላዋውን እንደገና መዘዙ። «ሥጋው የኛ ባይሆንም ሥራው የኛ ነው፤ እንዳይበላሽ» ብለው ሆዱን ከፍተው ማጽዳት ጀመሩ፤ እኔ እግሩን ያዝኩ። ሲያበቃ በጀሪካኑ ውኃ ታጠብን፣ ሰገድን፣ ድፎውንም በምስር ወጥ እስከ ግማሹ ድረስ ወረድንበት። ሚስቴ ስለ ስንቁ ልክ ነበረች፤ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አጋዘኑን ቅርጫቱ ላይ ጭነን፣ የቀረውን ስንቅ እኔ ተሸክሜ፣ በጋቢው እየጎተትኩና እየገፋሁ መኪናው ጋ ደረስን፤ አጋዘኑን ተጎታቹ ላይ አጋድመን ማታ ሳይሆን ቤት ገባን። ቀጥታ የሄድነው ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዘንድ ነው። በር ሲከፍቱ በተጎታቹ ላይ የተጋደመውን አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው ይሄ ጉድ?»

«ለእርስዎ ነው» አሉ አማቴ። «ክርስቲያን ነው።»

እትዬ አንዴ አጋዘኑን አንዴ እኛን አዩ። ነገሩን ስነግራቸው የበሩን ጉበን ይዘው ሳቁና በድንገት ደነገጡ። «ወይ ጉዴ! ጾም እኮ ነው! የገና ጾም ገብቷል!» ጾሙ ከገባ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር። ያን ያህል የለፋንበት አጋዘን በእስላሞቹ አይበላ፣ በክርስቲያኖቹ አይበላ። ተቆራርጦ እትዬ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ገና ድረስ ተኛ፤ ለሱፐርቫይዘሬም ድርሻውን ወሰድኩለት፤ እሱ ሲበላ ምንም አላለም፣ ኬቸፕ ብቻ ጨመረበት።

ከበሩ ስንመለስ እትዬ ጠሩን። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት ግን? በስመ አብ ማለቱን?»

አማቴ መንገዱ መሃል ቆሙ። «እሱ አልኩ ካለ ብሏል» አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ጠሩኝ። «ሞርስ ሮድ ሂድና ሥጋ ይዘህ ና።»

«አራጁ አይታወቅም ብለው የለ?»

«አንተ ጠይቅልኝ። ሐላል ነው ካልከኝ እበላለሁ።»

ሥጋ ቤቱ ገብቼ ማን አረደው፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ብሎ አረደው እያልኩ ሰውየውን አፋጠጥኩት። ማኅተሙን አሳየኝ። ማኅተም አልበቃኝም፤ አራጆቹ ጋ አስደወልኩት። ስልኩን ያነሣው ሰው ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ነገረኝ፤ የሚልበትንም ቃል አሰማኝ። ተመልሼ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አንድም ነገር አልጨመርኩም።

ሚስቴ ጥብሱን አቀረበች። ከኩሽናው በር ሆና ሳህኑን ሳይሆን የአባቷን እጅ ታያለች። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ ግን አልቆረሱም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«መጀመሪያ አንተ ቢስሚላህ በል» አሉኝ። «ጮክ አድርገህ፤ እንድሰማህ።»